ጎማ የመሰከረበት ጭስ

ጎሚስታ ቤት ደጃፍ ከተደረደሩት አሮጌ ጎማዎች አንዱን ጎንበስ ብላችሁ ብታዩት፣ ጎኑ ላይ እንደ ደረቀ ጭቃ የተሰነጣጠቀ ነገር ታገኛላችሁ። ስንጥቆቹ ቀጫጭን ናቸው፤ አንዳንዶቹ ፀጉር ቢያህሉ ነው። ጎሚስታውን ብትጠይቁት «ፀሐይ በልታው ነው» ይላችኋል። አልተሳሳተም። ነገር ግን ፀሐይ ብቻዋን አልበላችውም፤ አብሯት የበላ አለ። ያንን አብሮ በላተኛ ለማወቅ አንዲት ትልቅ ከተማ ዓመታትን በእንባ ማሳለፍ ነበረባት። «በእንባ» ስንል ለማሳመር አይደለም፤ የነዋሪዎቿ ዓይን የምር ያለቅስ ነበር።

ከተማዋ ሎስ አንጀለስ ናት። ብዙዎቻችን ዘመድ ያለን፣ ከ2002 ጀምሮም ፌርፋክስ ጎዳና ላይ «ትንሿ ኢትዮጵያ» ተብሎ በይፋ የተሰየመ ሰፈር ያላት ሎስ አንጀለስ። (በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጁላይ 26 ቀን 1943 ነው። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ተፋፍሟል። የከተማዋ መሐል በድንገት በቡናማ ጭጋግ ተሸፈነ፤ ከሦስት ብሎክ ወዲያ ያለውን ማየት አቃተ። መንገደኛው ዓይኑን እያሻሸ፣ ጉሮሮው እየከረከረው ወደየቤቱ ሮጠ። «ጃፓኖች የመርዝ ጋዝ ለቀቁብን» ብለው የደነገጡም ነበሩ።

ጃፓኖች አልነበሩም። ሆኖም ታሪኩ ውስጥ በሌላ በር ይገባሉ። በ1942 መጀመሪያ ላይ ጃፓን ማላያንና ያኔ የደች ቅኝ ግዛት የነበረችውን የዛሬዋን ኢንዶኔዥያ ስትይዝ፣ ለአሜሪካ የሚደርሰው የተፈጥሮ ጎማ 90 በመቶ ያህሉ ተቋረጠ። ጎማ የሌለው ጦር ደግሞ የቆመ ጦር ነው። ስለዚህ አሜሪካ ከነዳጅ በሚገኙ ኬሚካሎች ሰው ሠራሽ ጎማ ለማምረት ተጣደፈች። የዚህ ጎማ ዋናው ግብዓት ቡታዳይን የሚባል ጋዝ ነው፤ ቡታዳይን ከሚያመርቱት ፋብሪካዎች አንዱ ሎስ አንጀለስ መሐል፣ አሊሶ ጎዳና ላይ ነበር። ጭሱ ሲመጣ የሁሉም ጣት ወደዚያ ፋብሪካ ተቀሰረ።

ፋብሪካው ለጊዜው እንዲዘጋ ተደረገ። ጭጋጉ ግን አልሄደም። ከንቲባው ፍሌቸር ባውረን ችግሩ በአራት ወር ውስጥ ሙሉ በሙሉ ይወገዳል ብለው ቃል ገቡ። የባለሥልጣን አራት ወር ስንት ዓመት እንደሆነ እኛም አገር ስለምናውቀው እዚህ ላይ አንቆይም።

ቀጥሎ የተጠረጠረው ድኝ ነበር። በዚያ ዘመን «የከተማ ጭስ» ሲባል ሁሉም የሚያስበው የለንደንን ወይም የሴንት ሉዊስን የድንጋይ ከሰል ጭስ ነው፤ ጥቁር፣ ወፍራም፣ የድኝ ሽታ ያለው። በ1947 የሎስ አንጀለስ ካውንቲ የአየር ብክለት መቆጣጠሪያ መሥሪያ ቤት ሲቋቋም የማጣሪያዎችንና የፋብሪካዎችን የድኝ ጋዝ ማሳደድ ያዘ። ጭሱ በእርግጥ ቀነሰ፤ የሰው ዓይን ግን ማንባቱን አልተወም። እንግዳው ነገር ደግሞ ጊዜው ነበር። የከሰል ጭስ የሚከፋው በክረምት፣ ሰው ምድጃ በሚያነድበት በቀዝቃዛው ወቅት ነው። የሎስ አንጀለሱ የሚበረታው ፀሐይ በወጣችበት ቀን፣ እኩለ ቀን ገደማ ነበር። ማታ ይጠፋል። በሦስት ወገን በተራራ የተከበበችው ከተማ፣ ከላይ ሞቃት አየር እንደ ክዳን ሲቀመጥባት፣ ቀኑን ሙሉ አንድ ነገር እንደሚበስልባት ድስት ትሆናለች። የሚበስለው ምን እንደሆነ ግን የሚያውቅ አልተገኘም።

ይኼኔ ሁለት ምስክሮች ነበሩ። የመጀመሪያው ቅጠል ነው፤ የከተማዋ ዙሪያ ገበሬዎች ስፒናችና ሰላጣቸው ብር በሚመስል ነጠብጣብ እየተበላ መሆኑን ተናግረዋል። ሁለተኛው ጎማ ነው። የጎማ ነጋዴዎችና አምራቾች አንድ ዓይነት ጎማ ሎስ አንጀለስ ውስጥ ከሌላው የአሜሪካ ክፍል ይልቅ ፈጥኖ እንደሚሰነጠቅ አስተውለው ነበር። ለሙቀቱ እንዳንሰጠው፣ ከሎስ አንጀለስ የባሰ የሚሞቁ ቦታዎች ሞልተዋል።

ለምን ጎማ? እዚህ ላይ ትንሽ ወደ ኋላ እንመለስ። በእኛ ቋንቋ «ጎማ» የመኪናው እግርም ነው፣ የተሠራበትም ነገር ነው፤ አሁን የምናወራው ስለተሠራበት ነገር ነው። ጎማ ማለት ሰንሰለት ነው። አንድ ዓይነት ቀለበት በሺዎች ጊዜ ተቀጣጥሎ የሚፈጠር ረጅም ሰንሰለት፣ ኬሚስቶች ፖሊመር የሚሉት። ፕላስቲክም ናይለንም ከዚሁ ቤተሰብ ናቸው። የጎማው ሰንሰለት ልዩ የሚያደርገው በየቀለበቱ ሁለት ካርቦኖች በድርብ ተያይዘው መገኘታቸው ነው። ድርብ ሲባል የበለጠ የጠነከረ ይመስላል፤ ለአንዳንድ ጠላት ግን ለመያዝ የሚመች እጀታ ነው። ቻርልስ ጉድይር በ1839 ጥሬ ጎማን ከድኝ ጋር አሙቆ ሰንሰለቶቹን እርስ በርስ ሲያስር፣ የተጠቀመው እነዚያን ድርብ ትስስሮች ነው። ዛሬ የምናውቀው፣ በሙቀት የማይቀልጥና በብርድ የማይሰበር ጎማ የተወለደው ያኔ ነው። ድኙ ግን ሁሉንም ድርብ ትስስር አይጠቀምበትም፤ አብዛኛው እንዳለ ይቀራል።

የታሪክ አጋጣሚ ይገርማል። በዚያው በ1839 ስዊዘርላንድ ባዝል ውስጥ ክርስቲያን ሾንባይን የሚባል ኬሚስት ውሃን በኤሌክትሪክ ሲለያይ አንድ እንግዳ ሽታ ይሸተዋል፤ መብረቅ ከወደቀ በኋላ የሚሸት ዓይነት። በ1840 «ኦዞን» አለው፤ በግሪክኛ ከማሽተት ጋር የተያያዘ ቃል ነው። እንደምንተነፍሰው ኦክስጅን ሁለት አቶም ሳይሆን ሦስት አቶም ያለው ኦክስጅን መሆኑ በኋላ ታወቀ። ሦስተኛው አቶም ዕረፍት የለውም፤ የሚጣበቅበት ይፈልጋል። ድርብ ትስስር ካገኘ ደግሞ ይቆርጠዋል። ጀርመናዊው ካርል ሃሪስ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ጎማ ከምን እንደተሠራ ለማወቅ የተጠቀመበት መቀስ ይኸው ኦዞን ነበር። እንግዲህ ኦዞን ጎማን እንደሚቆራርጥ በቤተ ሙከራ ከታወቀ ቆይቶ ነበር። ያልታወቀው፣ ያ መቀስ በአንዲት ከተማ አየር ላይ በብዛት እየተንሳፈፈ መሆኑ ነው።

አንድ ነገር እንጨምር፤ ለታሪኩ ቁልፉ ስለሆነ። ዝም ብሎ የተቀመጠ ጎማን ኦዞን ብዙም አይጎዳውም፤ ገጹን ትንሽ በልቶ ይቆማል። የተወጠረ ወይም የታጠፈ ጎማ ላይ ግን የተቆረጠው ቦታ ወዲያው ይከፈታል፣ ከሥሩ ያልተነካ ጎማ ይጋለጣል፣ ኦዞኑ እሱንም ይቆርጣል። ስንጥቁ ሁልጊዜ ውጥረቱን አቋርጦ ይሄዳል። ለዚህ ደግሞ ብዙ ኦዞን አያስፈልግም፤ ከመቶ ሚሊዮን የአየር ክፍል ጥቂት ክፍል ብቻ ይበቃል። የመኪና ጎማ ጎኑ በየዙሩ ስለሚታጠፍና ስለሚዘረጋ ከዚህ የተሻለ ሰለባ ከየት ይገኛል?

አሁን ወደ ሰውየው እንምጣ። አሪ ሃገን ስሚት በ1900 ዩትሬክት የተወለዱ ሆላንዳዊ ናቸው። ፓሳዴና ባለው የካሊፎርኒያ የቴክኖሎጂ ተቋም፣ በአጭሩ ካልቴክ፣ የዕፅዋት ኬሚስት ነበሩ። የሚያጠኑት አናናስ ለምን እንደ አናናስ እንደሚጣፍጥና እንደሚሸት ነበር። የሽታ ሰው ናቸው ማለት ነው። በ1940ዎቹ መጨረሻ ለአናናሱ የተጠቀሙበትን ዘዴ ለከተማው አየር አዋሉት፤ አየሩን አቀዝቅዘው የሚጠራቀመውን ያዙ። ያገኙት ጥቂት ቡናማና የሚከረፋ ጠብታ ነው። ጠብታው በከፊል የተቃጠለ፣ ኦክስጅን የተጣበቀበት የነዳጅ ትርፍራፊ ነበር።

በ1950 መልሳቸው ይፋ ሆነ። ከመኪና ጭስ ማውጫና ከነዳጅ ማጣሪያ ሁለት ነገር ይወጣል፦ ያልተቃጠለ የነዳጅ ትነትና ናይትሮጅን ኦክሳይድ። ፀሐይ ናይትሮጅን ዳይኦክሳይዱን ስትመታው አንድ የኦክስጅን አቶም ይፈነጠራል፤ ያ አቶም አጠገቡ ካለ ኦክስጅን ጋር ገጥሞ ኦዞን ይሆናል። የነዳጁ ትነት ደግሞ ዑደቱ እንዳይቆም ያቀጣጥለዋል። ከጭስ ማውጫው ኦዞን አይወጣም፤ ሰማይ ላይ ነው የሚበስለው። ለዚህ ነው በየፋብሪካው በር ቆሞ ጥፋተኛውን ጋዝ ለሚፈልግ መርማሪ ተሰውሮ የኖረው። ድስቱ ከተማዋ፣ ምድጃው ፀሐይ፣ ግብዓቱ ደግሞ የእያንዳንዱ ሰው መኪና።

ማስረጃው ነው እኛን የሚማርከን። ሃገን ስሚትና ባልደረባቸው ብራድሊ ልዩ ቅንብር ያለው ጎማ በቁራጭ በቁራጭ ቆረጡ፣ አጠፉት፣ አየር ላይ ሰቀሉት፤ ከዚያ የመጀመሪያው ስንጥቅ እስኪታይ ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ ቆጠሩ። ጭጋግ በበዛበት ቀትር ስንጥቁ በደቂቃዎች ይመጣል፤ በጠራ ሌሊት ብዙ ያስጠብቃል። በ1951 ይህንን የኦዞን መለኪያ አድርገው አሳተሙት። ከዚያም በብልቃጥ ውስጥ የነዳጅ ትነትና ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ ጨምረው፣ የታጠፈ ጎማ አስገብተው፣ ፀሐይ ላይ አስቀመጡት። ጎማው ተሰነጠቀ። ውድ መሣሪያ የለም፣ የተወሳሰበ ሒሳብ የለም፤ የሚታጠፍ ጎማ፣ ሰዓትና አጉሊ መነጽር ነው።

ለምን ይህን ያህል አከበድነው? ሰው «ዓይኔ ያቃጥለኛል» ሲል ሁልጊዜ መልስ አይጠፋም፤ «አለርጂ ነው»፣ «ታበዛለህ»፣ «ጭንቀት ነው»። ጎማ አያበዛም። አይጨነቅም፣ የፖለቲካ ወገን የለውም፣ የነዳጅ ኩባንያ አክሲዮን አልገዛም። አንዲት ከተማ ስታለቅስ ያልተሰማውን ያህል የታጠፈ ጎማ ሲሰነጠቅ ተሰማ ብንል ብዙ አላጋነንም። ለነገሩ እሱም ወዲያው አልተሰማም።

የነዳጅ ኩባንያዎቹ ማኅበር ገንዘብ የሚሰጠው የስታንፎርድ የምርምር ተቋም የሃገን ስሚትን ግኝት ተጠራጠረ፣ ተከራከረ። ወደ አናናሳቸው ሊመለሱ የነበሩት ሰውዬ ይህ ሙግት ነው ጭሱ ላይ ያስቀራቸው ይባላል። ከዲትሮይት የመጣው መልስ ደግሞ የባሰ ነበር። የካውንቲው ተመራጭ ኬነት ሃን ለመኪና አምራቾች ደብዳቤ ሲጽፉ፣ ፎርድ በ1953 የሰጣቸው መልስ ከሞተር የሚወጣው ጋዝ አየር ላይ ቶሎ ስለሚበተን ብክለት አይፈጥርም የሚል ነው። በ1969 የአሜሪካ የፍትሕ ሚኒስቴር መኪና አምራቾቹ የጭስ መቀነሻ መሣሪያዎች እንዲዘገዩ ተመሳጥረዋል ብሎ ከሰሳቸው፤ ጉዳዩ በዚያው ዓመት ጥፋት ሳይታመን በስምምነት ተዘጋ። በመሐሉ ነዋሪው ራሱ በ1957 በየጓሮው ቆሻሻ የሚያቃጥልበትን ምድጃ እንዲተው ታዟል። እንደተለመደው ትንሹ ሰው ቀድሞ ከፈለ።

ሃገን ስሚት በ1968 የካሊፎርኒያ የአየር ሀብት ቦርድ የመጀመሪያው ሊቀመንበር ሆኑ፤ የሾሟቸው አገረ ገዢው ሮናልድ ሬገን ነበሩ፣ በ1973 ያነሷቸውም እሳቸው። ከ1975 ሞዴል ጀምሮ አብዛኛው የአሜሪካ መኪና ከማርሚታው በፊት ካታሊቲክ ኮንቨርተር ተገጠመለት። ሃገን ስሚት በ1977 አረፉ። የሎስ አንጀለስ አየር ከ1950ዎቹ ጋር ሲነጻጸር ሌላ አገር ነው፤ ሆኖም በኦዞን ረገድ የፌዴራሉን መለኪያ እስካሁን አላሟላም።

እስካሁን ያወራነው ስለ ጎማ ነው። ፕላስቲክስ? እዚህ ላይ ነገሩ ይገለበጣል። የጀሪካን ፖሊኤትሊንና የማዳበሪያ ከረጢት ፖሊፕሮፒሊን ድርብ ትስስር ስለሌላቸው ለኦዞን መቀስ ብዙም አይመቹም። የእነሱ ገዳይ ፀሐይ ራሷ ናት። ንጹሕ ፖሊኤትሊን የፀሐይን ጨረር አይቀበልም ነበር፤ ነገር ግን ፋብሪካ ውስጥ በሙቀት ሲቀረጽ ጥቂት ኦክስጅን ይጣበቅበታል፣ እነዚያ ትንንሽ ጉድለቶች አልትራቫዮሌቱን ይይዛሉ፣ ሰንሰለቱ ይበጠሳል፣ በተበጠሰበት ሌላ ኦክስጅን ይገባል፣ መበጠሱ ይቀጥላል። መጀመሪያ ቀለሙ ይለቃል፣ ከዚያ ዱቄት የመሰለ ነገር እጅ ላይ ይቀራል፣ በመጨረሻ ጣት ሲነካው ይሰበራል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2300 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች፤ አልትራቫዮሌት ደግሞ ከፍታ በ1000 ሜትር በጨመረ ቁጥር 10 በመቶ ያህል ይጨምራል። ከቤት ውጭ የሚውለው ቢጫ ጀሪካን ለምን እንደሚገረጣና እንደሚሰነጠቅ፣ ጣሪያ ላይ የሚቀመጠው ሮቶ ለምን ብዙ ጊዜ ጥቁር እንደሆነ ከዚህ ይገባችኋል። ጥቁሩ ጥላሸት ነው፤ ከመቶ ሁለት እጅ ያህል ከፕላስቲኩ ጋር ከተደባለቀ ጨረሩን ውጦ ሰንሰለቱን ያድናል። የመኪና ጎማም እስከ 1910ዎቹ ድረስ ነጣ ያለ ነበር፤ ጥላሸት የገባበት በዋናነት ለጥንካሬ ቢሆንም ከፀሐይም አስጠለለው።

ጥላሸት ግን ከኦዞን አያድንም። በ1950ዎቹ የአሜሪካ ጦር መጋዘን የተቀመጡ ጎማዎች እየተሰነጣጠቁ ስላስቸገሩ የጦሩ ቤተ ሙከራዎች መድኃኒት ፍለጋ ገቡ። አንዱ ዘዴ ሰም ነው፤ ጎማው ውስጥ የተጨመረ ሰም ቀስ እያለ ወጥቶ ገጹን ይሸፍናል። ለቆመ ጎማ ጥሩ ነው፤ መኪናው ሲሄድ ግን ሰሙ ይሰነጠቃል። ሌላው የባሰ ብልህ ነው። ከጎማው ይልቅ ኦዞን የሚወደውን ኬሚካል ጨምሩበት፤ ወደ ገጹ እየወጣ በጎማው ፈንታ ራሱን ያስበላል። ከዚህ ቤተሰብ 6ፒፒዲ የተባለው አሸናፊ ሆነ፤ ለአሥርት ዓመታት በዓለም ላይ የተሠራ የመኪና ጎማ ሁሉ ማለት ይቻላል እሱ አለበት። የጎማ መፈንዳት የሚቀጥፈውን ሕይወት ለሚያስብ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ታዲያ ኦዞን የበላው 6ፒፒዲ የት ገባ? ለረጅም ጊዜ ይህን ጥያቄ አጥብቆ የጠየቀ አልነበረም።

መልሱ የመጣው ከሲያትል ወንዞች ነው። ኮሆ የሚባለው የሳልሞን ዝርያ ከውቅያኖስ ወደ ተወለደበት ጅረት ተመልሶ ነው እንቁላሉን የሚጥለው። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ከተማዋ ውስጥ ያሉ ጅረቶች ተጸድተው ዓሦቹ ሲመለሱ ተመራማሪዎች አንድ አሳዛኝ ነገር አዩ። ዝናብ በዘነበ በሰዓታት ውስጥ ዓሦቹ ወደ ውሃው ገጽ ወጥተው አፋቸውን እየከፈቱ ይዞራሉ፣ ከዚያ ይሞታሉ፤ ሴቶቹ እንቁላላቸውን በሆዳቸው እንደያዙ። በአንዳንድ ጅረቶች ከተመለሱት ከግማሽ በላይ የሚያልቁበት ዓመት ነበር። ተባይ ማጥፊያ ተጠረጠረ፣ ከባድ ብረት ተጠረጠረ፣ ነዳጅ ተጠረጠረ፤ ሁሉም ነጻ ወጡ። የተፈጨ የጎማ ብናኝ የተዘፈዘፈበት ውሃ ግን ዓሦቹን በትክክል እንደ ጅረቱ ገደላቸው። ከብናኙ ውስጥ ካሉት ሁለት ሺህ ገደማ ኬሚካሎች እያጣሩ እያጣሩ፣ ተመራማሪዎቹ በዲሴምበር 2020 አንዱን ለይተው አወጡ። 6ፒፒዲ ኩዊኖን ይባላል፤ 6ፒፒዲ ከኦዞን ጋር ሲገናኝ የሚፈጠረው ነገር ነው። በ2022 በተሻሻለው ልኬት፣ በአንድ ሊትር ውሃ ውስጥ ከአንድ ማይክሮግራም አንድ አሥረኛ ያህሉ ግማሾቹን ኮሆዎች ለመግደል ይበቃል። ቸም የሚባለው የቅርብ ዘመዳቸው ግን እዚያው ውሃ ውስጥ ምንም ሳይሆን ይዋኛል።

ኦዞን ያኔም አሁንም አለ። የታወቀው ስንጥቅ ከጎማው ላይ ተወግዶ ወደ ዓሣው ሄደ። ይህንን የምንለው የ1950ዎቹን ኬሚስቶች ለመውቀስ አይደለም፤ የተሰጣቸውን ጥያቄ በሚገባ መልሰዋል። ጥያቄውን የጠየቀው ጎማ ያለው እንጂ ወንዝ ያለው አልነበረም።

ወንዝ ያላቸው ኋላ መጡ። በ2023 ዩሮክ፣ ፖርት ጋምብል ስክላላምና ፑያለፕ የተባሉ ሦስት የአሜሪካ ነባር ሕዝቦች፣ ሳልሞን ኑሯቸውም ባህላቸውም የሆነ፣ 6ፒፒዲ ከጎማ እንዲወጣ ለአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት አቤቱታ አቀረቡ፤ መሥሪያ ቤቱ በኖቬምበር ተቀብሎ ደንብ የማውጣት ሒደት ለመጀመር ተስማማ። ካሊፎርኒያም በዚያው ዓመት አምራቾች ምትክ እንዲፈልጉ የሚያስገድድ ደንብ አወጣች። እዚህ ደግሞ ኢትዮጵያ በ2024 ነዳጅ የሚጠጡ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከልክላለች፤ የአዲስ አበባ ጎዳናዎችም በኤሌክትሪክ መኪና እየተሞሉ ነው። ጭስ ማውጫ የላቸውም፣ ይህ ለሳንባችን ትልቅ ነገር ነው። ጎማ ግን አላቸው፤ ባትሪያቸውም ከባድ ነው፣ ክብደት ደግሞ ጎማ ያስፍጃል። የቀበናና የአቃቂ ወንዞች ኮሆ የላቸውም፤ የመንገዱን እጣቢ ግን ዝናብ በዘነበ ቁጥር ይጠጣሉ።

ምትክ ፍለጋው ቀላል አይደለም። የሚፈለገው ነገር ከጎማው ቀድሞ ኦዞንን መያዝ አለበት፤ ጎማው እስኪያልቅ ድረስ ለዓመታት ቀስ እያለ ወደ ገጹ መውጣት አለበት፤ ጎማውን ማለስለስም ማድረቅም የለበትም፤ ዋጋው የሚቻል መሆን አለበት። በዚህ ላይ ከ2020 ወዲህ አንድ ተጨማሪ ፈተና ተጨምሯል፤ ኦዞን ከበላው በኋላ የሚቀረው ትርፍራፊ መጀመሪያ ዓሣ ባለበት ውሃ ውስጥ መሞከር አለበት።